የአያቴ የዓድዋ ስዕል ከቤታችን ተወስዷል፤ እንዴት እናፈላልገው?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥቅምት 2014 ከደሴ ስንሸሽ ልጆቹንና ሁለት ፌስታል ብቻ ይዘን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የሳሎኑ ስዕልም የለም። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ቴሌቪዥኑስ ይቅር።

ስዕሉን በሸራ ላይ የሳሉት አያቴ ናቸው። ዓድዋ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ፣ እቴጌ ጣይቱ በበቅሎ፣ ጥላቸው አረንጓዴ። ታች ጥጉ ላይ እማዬ በጥቁር ክር የሰፋችው ቀዳዳ አለ። ዛሬም ቡና ስታፈላ ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ ነው የምትቀመጠው።

ያለን ፎቶ የእህቴ ሠርግ ላይ የተነሳው ብቻ ነው። ከሙሽሮቹ ጀርባ ግማሹ ይታያል። ለማን ነው የምናመለክተው? ብርም ካሳም አልፈልግም፤ ስዕሉን ነው።

ከጦሳ ሥር፦
አይዞሽ እህቴ። የደሴ ሙዚየምም ያኔ ተዘርፏል። የሙዚየም ዕቃ ግን መዝገብ አለው፤ የሳሎን ስዕል ካላስመዘገባችሁት ማንም አያውቀውም። መጀመሪያ ካሜራማኑን ፈልጉና ዋናውን ፎቶ ጠይቁት። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ ጽሑፍ ካለው ጽሑፉን መዝግቡ። ከዚያ ፖሊስ ጋ አመልክቱ፤ ያመለከታችሁበትን ወረቀት እንዳትጥሉ። ኢንተርፖል የተሰረቁ የጥበብ ሥራዎች መዝገብ አለው፤ ግን ከግለሰብ አይቀበልም፣ በአገር ፖሊስ በኩል ነው የሚገባው። መዝገቡን ለማየት አይዲ-አርት የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለ።

አንባቢ፦
ጊዜው አለፈ ብላችሁ እንዳትተዉት። ናዚዎች ቪየና ውስጥ ማሪያ አልትማን ከምትባል ሴት አጎት የወሰዷቸው የኦስትሪያዊው ሠዓሊ የክሊምት ስዕሎች ነበሩ። ሁለቱ የአክስቷ ምስሎች ናቸው። ኦስትሪያ አምስቱን የመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ሴትዮዋ ያኔ ዘጠና ዓመቷ ነበር። የእኛው መቅደላም አለ። በ1860 የተዘረፈው ዛሬም ይጠየቃል፤ ጥቂቱም ተመልሷል።

ቦርከና፦
ከኮምቦልቻ ነኝ። እኛም የአባታችንን የብራና ዳዊት አጥተናል፣ ሕመሙን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ልምከርሽ። የተሰፋውን ጥግ እዚህ ጽፈሽዋል፤ ሌላ ምልክት ካለ ግን ለፖሊስ ብቻ ንገሪ። ነገ አንዱ «የእኔ ነው» ቢል የምትረቺው በዚያ ነው። ሱቅ ውስጥ ብታዪውም ብቻሽን ገብተሽ እንዳትከራከሪ። ይደብቁታል።

የሆጤ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ እማዬን ስለ ስዕሉ ጀርባ ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጠረጴዛው ላይ አሳየችኝ፦ ምን እንደተጻፈ፣ በምን ቀለም፣ የትኛው ፊደል እንደጠፋ። ጽፌዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ይዣት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።