ዘጠኝ ሌሊት በስዊዘርላንድ ባቡር፦ የቱን ከተማ ልተው?

የድሬ ምራት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። በመስከረም ከተጋባን 25 ዓመት ይሞላናል። እኔ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ እሱ ቀን ታክሲ ይነዳል። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ዘንድሮ እንደምንም ብለን ዘጠኝ ሌሊት አብረን አገኘን።

ባለቤቴ ድሬዳዋ ነው ያደገው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ከሳቸው ጋር እስከ አዋሽ ይሄድ የነበረውን ዛሬም ያወራኛል። የት እንሂድ ስለው «የትም ይሁን፣ ብቻ መስኮት አጠገብ ልቀመጥ» አለኝ። ለዚህ ነው ስዊዘርላንድን የመረጥኩት።

ዕቅዴ ይኸው፦ ዙሪክ ሁለት ሌሊት፣ ሉሰርን አንድ፣ ኢንተርላከን ሁለት፣ ዘርማት አንድ፣ ጄኔቫ አንድ፣ ሉጋኖ ሁለት። ገና ወረቀት ላይ ሳየው ደከመኝ። የቱን ልተው? ፓስ የሚሉትን የብዙ ቀን የጉዞ ትኬት መግዛቱስ ያዋጣል? ባለቤቴን ጉልበቱን ያመዋል። ሻንጣ ይዞ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል።

ከፍራንክፈርት፦

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ እህቴ። እኔና ሚስቴ ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ዓይነት ዕቅድ ይዘን ሄደን ነበር። አንድ የጉዞ ወኪል ነው ያዘጋጀልን፤ ስምንት ቀን፣ ስድስት ሆቴል። በየጠዋቱ ሻንጣ መዝጋት፣ በየምሽቱ ሻንጣ መክፈት። ባቡር ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ሁለታችንም እንቅልፍ ይጥለናል። ሐይቁ አለፈ፣ ተራራው አለፈ፣ አላየንም። ሚስቴ እስካሁን ይቆጫታል። ባይሆን ግማሹን ሰርዙት።

በርን 16 ዓመት፦

እህቴ፣ አንዱን ከተማ መተው አይበቃም። ሁሉንም ተዉና ሁለት አልጋ ብቻ ያዙ። አምስት ሌሊት እዚህ፣ አራት ሌሊት እዚያ። ሻንጣው ሆቴል ይቀመጥ፣ እናንተ ባዶ እጃችሁን ባቡር ላይ ውጡ። ይህ አገር ትንሽ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ የማይቻልበት ቦታ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው አልጋ ሽፒትስ ይሁን። ኢንተርላከን በቱሪስት የተጨናነቀ ነው፣ ሽፒትስ ግን 20 ደቂቃ ብቻ ርቆ ጸጥ ያለ ነው። ጣቢያው ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ከባቡር ወርዳችሁ በር ላይ ስትደርሱ ቱን የሚባለውን ሐይቅ ከነግንቡ ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። እናቴ ከጎጃም ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ እዚያ በር ላይ ቆማ አማተበች። ለባለቤትሽ ጉልበት ሲባል ሆቴሉን ከጣቢያው ብዙ ሳትርቁ ያዙ። ወደ ሐይቁ መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው የሚከብደው። ለዚያ ደግሞ አውቶቡስ አለ።

ከሽፒትስ አንድ ቀን በመርከብ ሂዱ። በዚህ ሐይቅ ላይ ብሉምሊስአልፕ የምትባል እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራች የእንፋሎት መርከብ አለች። መሐሏ ላይ ክፍት ስለሆነ ሞተሩን ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። የእጅ ያህል የወፈረው ብረት ሲወጣና ሲገባ፣ ሠራተኛው ጨርቅ ይዞ ሲወለውል፣ የትኩስ ዘይት ሽታ ሲመጣ። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ከዚያ ቦታ ቶሎ የሚነሳ አይመስለኝም።

ሌላ ቀን ከተራራው ማዶ ወዳለችው ከተማ ወደ ብሪግ ሂዱ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፈጣኑ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2007 በተከፈተው አዲሱ ዋሻ ነው የሚያልፈው። ከ34 ኪሎ ሜትር በላይ ጨለማ ነው። እናንተ በካንደርሽቴግ በኩል የሚያልፈውን የአሮጌውን መስመር ባቡር ያዙ። እሱም ቢሆን ዋሻ አለው። ከዋሻው ሲወጣ ግን በተራራው ወገብ ላይ እየተንጠለጠለ ይወርዳል፣ የሮን ወንዝ ሸለቆ ደግሞ ከታች ወለል ብሎ ይታያል። ጊዜው እጥፍ ይፈጃል፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው አልጋ ፖስኪያቮ። በምሥራቅ በኩል ጣሊያን ድንበር አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሽፒትስ እዚያ ለመድረስ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ግን የጉዟችሁ ትልቁ ቀን ያ ነው። ከዙሪክ ወደ ኩር ስትሄዱ በግራ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ የዙሪክ ሐይቅ፣ ከዚያ ቫለንዜ የሚባለው ሐይቅ በዚያው በግራ ይመጣሉ። ከኩር በኋላ በቀዩ ባቡር ትቀጥላላችሁ። ፊሊዙር አጠገብ የላንድቫሰር ድልድይ አለ፤ ከፍታው 65 ሜትር ነው። ባቡሩ ድልድዩ ላይ እየታጠፈ ቀጥ ባለ ገደል ውስጥ ወዳለ ዋሻ ይገባል። ከዚያ በርጉን ካለፋችሁ በኋላ ሐዲዱ ተራራው ውስጥ ይጠማዘዝና አሁን ያያችሁትን መንደር እንደገና ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

አሁን ለባለቤትሽ የምትነግሪው ነገር። የዚህ ቀይ ባቡር ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። የአባቱ የጅቡቲ አዲስ አበባ ሐዲድም አንድ ሜትር ነበር። አንድ ዓይነት ነው። በዚያ ላይ ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት የዚህ አገር ሰው ለሆነው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ሰውዬው ፍራውንፌልድ ነው የተወለደው፣ ዙሪክ ነው የሞተው። እኔ ይህን ያወቅኩት እዚህ አገር ስምንት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀዩ ባቡር ላይ ስወጣ እንግድነት አይሰማኝም።

ስለ ትኬት። ለሁለታችሁ የስምንት ቀን የስዊስ ትራቭል ፓስ ግዙ። ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ የሐይቅ መርከቡን ያጠቃልላል። በየቀኑ ለምትወጣ ሰው ያዋጣል። ሁለተኛ ማዕረግ በቂ ነው፣ ንጹሕ ነው። ቀኖቹ ተከታታይ ስለሆኑ ካረፋችሁበት ማግስት ጀምሩት። በቀዩ ባቡር መስመር ላይ የሚሄደው፣ በርኒና ኤክስፕረስ የሚባለው ባለ ትልቅ መስኮቱ ባቡር፣ ፓስ ቢኖርም ቦታ ማስያዣ ተጨማሪ ያስከፍላል። ተራው ባቡር በዚያው ሐዲድ ነው የሚሄደው፣ ቦታ ማስያዝ አያስፈልገውም፣ በፈለጋችሁበት ወርዳችሁ ቀጣዩን መያዝ ትችላላችሁ። እኔ ሁልጊዜ ተራውን ነው የምመርጠው።

ባቡር መቀየር ካስፈራሽ አይዞሽ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ባቡሮቹ በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሡ ተደርጎ ነው የተቀመረው። ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ ተጠባብቀው ይገናኛሉ። አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው ይመጣል። ቡና ጠጡና ጠብቁ።

የድሬ ምራት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጽሑፍህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንድ ሜትር የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ። «ድገሚው» አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ስፋቱን አሳየኝ። አባቱ እንዲህ አድርገው ነበር የሚያሳዩት አለ። ሌላ ምንም አላወራም፣ ግን ማታውን ሙሉ ፈገግ እንዳለ ነው።

ዙሪክንም ጄኔቫንም ሰረዝኩ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ተራራው ላይ ትንፋሽ አያጥረንም? ደግሞ ከፖስኪያቮ ምን እናደርጋለን?

በርን 16 ዓመት፦

ስለ ትንፋሽ አታስቢ። የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ኦስፒጺዮ በርኒና 2,253 ሜትር ነው፤ ከፒያሳ እንኳ ዝቅ ይላል። ብርዱ ግን ሌላ ነው። በመስከረምም በረዶ ሊያገኛችሁ ስለሚችል ጃኬት ያዙ። እዚያው አጠገብ ላጎ ቢያንኮ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከበረዶ ግግር በሚቀልጠው ውሃ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። የሱ ውሃ ወደ አድሪያቲክ ባሕር ይወርዳል። ጥቂት እልፍ ብሎ ያለችው ጥቁሯ ሐይቅ ውሃ ደግሞ በዳኑብ አድርጎ ጥቁር ባሕር ይገባል።

ከፖስኪያቮ አንድ ጠዋት ወደ ላይ፣ አልፕ ግሩም ጣቢያ ድረስ ውጡ። እዚያ የመኪና መንገድ አይደርስም፣ በባቡር ወይም በእግር ነው። ጣቢያው ምግብ ቤት አለው። ውጭ ተቀምጣችሁ ሾርባ እየጠጣችሁ ፊት ለፊት የፓሉን የበረዶ ግግር ታያላችሁ። ሰዓት አትዩ። ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ታች፣ ጣሊያን ቲራኖ ድረስ ውረዱ። ብሩዚዮ ላይ ባቡሩ ሜዳ ላይ በተሠራ ክብ የድንጋይ ድልድይ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። ቲራኖ ሲገባ እንደ መኪና በከተማው መንገድ መካከል ነው የሚሄደው። ምሳ እዚያ ብሉ፣ ከስዊዝ ይረክሳል። ፓስፖርት እንዳትረሱ።

እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ የሚበላ ነገር ቅዳሜ ያዙ። ትልልቅ ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ግን ክፍት ናቸው። የመንገድ ዳር ቧንቧ ውሃም፣ አይጠጣም የሚል ካልተጻፈበት፣ ይጠጣል።

የመስኮቱን ነገር ደግሞ ጻፊው። ከተራራው ወዲያ ማዶ ካለው ከፖንትሬዚና ጣቢያ ወደ ፖስኪያቮ ስትወርዱ በቀኝ ተቀመጡ፤ በረዶውም ላጎ ቢያንኮም በዚያ በኩል ነው። ከፖስኪያቮ ወደ ቲራኖ ስትሄዱ ግን ወደ ግራ ዙሩ፣ ሐይቁ በግራ ይመጣል። ተራው ባቡር ላይ መስኮታቸው የሚከፈት ፉርጎዎች ይገኛሉ። እሱን ፈልጉለትና ባለቤትሽ እዚያ ይቀመጥ።