በጥንት የፈረንሳይ ሥዕሎች ውስጥ ሳቁ የት ላይ ነው?

ቀለም ወዳድ (ጠያቂ)፦
ሠዓሊው ሻርል አንትዋን ኩዋፔል በ18ኛው መቶ ዘመን የስፔናዊውን ደራሲ የሴርቫንቴስን «ዶን ኪኾቴ» የተባለ ልቦለድ መነሻ አድርጎ፣ በፓሪስ ጎብላን የሽመና ፋብሪካ በግድግዳ ጨርቅ ላይ እንዲሸመኑ ያዘጋጃቸውን 28 ሥዕሎች በኅትመት እየተመለከትኩ ነው። መጽሐፉን ሳነብ ከት ብዬ የሳቅሁባቸው ታሪኮች እዚህ በሐር ልብስ አጊጠውና በቤተ መንግሥት ወግ ታሽተው ስለማገኛቸው፣ ሠዓሊው ቀልዱን ስቶታል ወይስ እኔ ማየት ያለብኝን አላየሁም እያልኩ እጠይቃለሁ። ንግግር የሌለው ሥዕል እንዴት ያስቃል?

ተመልካች፦
ኩዋፔል ራሱ ቴአትር ይጽፍ ስለነበር ቀልዱ አመለጠው ለማለት ያስቸግራል። አባቱ የንጉሡ ቀዳሚ ሠዓሊ ነበር፤ እሱም በ1747 ያንኑ ማዕረግ አግኝቷል። ስለዚህ ለአማልክትና ለጀግኖች ብቻ ይሰጥ የነበረውን የአሣሣል ግርማ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ያንን ግርማ አእምሮው ለተናወጠ ባላባት ማልበሱም ሆን ብሎ ያደረገው ሹፈት ይመስለኛል። የእንጨቱን ፈረስ ሥዕል ልብ ብለው ይዩት። ዶን ኪኾቴና ሳንቾ ዓይናቸው ታስሮ በሰማይ የሚበሩ ሲመስላቸው፣ ከጎናቸው ያሉት ሰዎች ነፋሱን በወናፍ ያዘጋጁላቸዋል። ጌታና ሎሌ የማያውቁትን ተመልካቹ ስለሚያውቅ ቃል አያስፈልግም።

የመድረክ ሰው፦
በእንጨቱ ፈረስ እስማማለሁ፤ በቀሩት ግን ኩዋፔል ለእኔ ጨዋነት ይበዛበታል። እውነተኛ ሳቅ ከፈለጉ በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን የሠዓሊው ክሎድ ዢዮን «ሁለቱ ሠረገሎች» ይመልከቱ። መነሻው በ1695 በፓሪስ የጣሊያን ተዋንያን ያሳዩት ኮሜዲ ነው። በጠባብ መንገድ በሰው የሚጎተቱ ሁለት ሠረገሎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በውስጣቸው የተቀመጡት ሁለት «እመቤቶች»፣ እነሱም የሴት ልብስ የለበሱት አርልካንና ስካራሙሽ የተባሉ የጣሊያን ኮሜዲ የታወቁ አስቂኝ ገጸ ባሕርያት፣ ማን ወደ ኋላ ይመለስ በሚል ይነታረካሉ። ሠዓሊው የመረጠው ጠቡ የተፋፋመበትን ቅጽበት በመሆኑ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። ሉዊ 14ኛ ተዋንያኑን በ1697 ከፓሪስ ስላባረራቸውና ሥዕሉ የተሠራው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ያኔ ያዩት ሰዎች የታገደ ጨዋታ እያስታወሱ ይስቁ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ቀለም ወዳድ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ የመድረኩ ብልሃት ከዚያ ዘመን በኋላ ቀጥሏል?

ተመልካች፦
በ19ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊውን ኦኖሬ ዶሚዬን ያገኛሉ፤ ንጉሡን ሉዊ ፊሊፕን በደራሲው ራብሌ ግዙፍ በላተኛ በጋርጋንቱዋ መስሎ በመሣሉ በ1832 የታሰረው እሱ ነው። በኦርሴ ሙዚየም ያለው «ክሪስፓንና ስካፓን» የተባለው ሥዕሉ የኮሜዲ መድረክ ሁለት ተንኮለኛ አሽከሮችን ያሳያል፤ አንዱ በሌላው ጆሮ ያንሾካሹካል፣ ብርሃኑም ከመድረኩ ግርጌ ተነሥቶ ፊታቸውን ከታች ወደ ላይ ያበራዋል። ምን እንደተባለ አንሰማም፤ የሰሚውን ፊት ስናይ ግን ጌታቸው ሊታለል መሆኑ ይገባናል። የመድረክ ሰው በኩዋፔል የሚያጣውን ነገር እዚህ ያገኘዋል ብዬ እገምታለሁ።