የየኔታ ድምፅ ለማሽን ይሰጥ ወይ?

ባለስቱዲዮው (አራዳ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ጉዳይ ከብዶኝ ነው ወደ እናንተ ያመጣሁት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ስቱዲዮዬ መጡ። የሚሠሩበት ድርጅት ንግግር ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር፣ አማርኛም ግእዝም የሚያውቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊሠራ ነው። ለዚህ እዚህ ጎንደር ካሉ የአብነት መምህራን 200 ሰዓት ድምፅ መቅዳት ይፈልጋሉ። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ ትርጓሜ። መምህሩ በሰዓት ይከፈላቸዋል፤ እኔም የቀረጻ አለኝ።

ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ነው። «ለማንኛውም ዓላማ፣ ያለ ጊዜ ገደብ» የሚል ቃል አለበት። እዚያ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

በሌላ በኩል ደግሞ አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ድምፃቸው ዛሬ የትም የለም። አንዲት ካሴት እንኳን አልቀረችም። ስለዚህ «አይቀዳ» ለማለትም አፌ አይደፍርም። ምን ትላላችሁ?

የማራኪው መምህር፦

ወንድሜ፣ እኔ ፈርም ባይ ነኝ። ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ችግሩን በየቀኑ አየዋለሁ። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ከወጣ ወዲህ ተማሪዎቼ የማይጠይቁት ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ሲጠይቁት ሌላ ነው፣ በአማርኛ ሲጠይቁት ሌላ።

ምክንያቱ ይታወቃል። እነዚህ ሞዴሎች የሚማሩት ካነበቡትና ከሰሙት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ትንሽ ነው፤ የግእዙማ ከዚያም ያንሳል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው ገና በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በ1 ባይት ሲቀመጥ የእኛው አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሞዴሎቹ ደግሞ ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት። መቁረጫቸው የተሳለው አብዝተው ባዩት ቋንቋ ስለሆነ የእኛ ቃል ብዙ ቦታ ይበጣጠሳል። ሒሳቡ በቁራጭ ሲቆጠር ያው አሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ይወደዳል።

ይህን የሚያስተካክልልን ሌላ ሰው አይመጣም። እኛ ድምፃችንን ስለደበቅን ማሽኑ አይቆምም። የተሳሳተ ግእዝ ይዞ ልጆቻችን ጋ ይደርሳል።

የበአታው ደቀ መዝሙር፦

መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። በአታ አቋቋም ላይ ነኝ፤ ቅኔውን ጎጃም ቆይቼ ነው የመጣሁት። ማሽኑ የተሳሳተ ግእዝ እንዳለው ራሴ አይቻለሁ። «ጉባኤ ቃና ስጠኝ» አልኩት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ያለው አጭር ቅኔ ነው፤ ይህን ጀማሪም አይስተውም። አራት ጻፈልኝ። ሰም የለው፣ ወርቅ የለው። ሁለቱ ግሶች ደግሞ ግእዝ ውስጥ የሉም። ያስደነገጠኝ ግን ስሕተቱ አልነበረም። አንዳች ሳይጠራጠር ነው የተናገረው።

ተማሪ እንዲያ ሲስት የኔታ በከዘራቸው መሬቱን ጠቅ ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። የት ላይ እንደሳተ ተማሪው ራሱ ነው የሚፈልገው። አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ያድራል። ትምህርቱ እዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው።

ማሽኑ 200 ሰዓት ሰምቶ ቢያውቅ ልጁ መፈለጉን ይተዋል። ይጠይቀዋል፣ ይነግረዋል፣ አለቀ። ቅኔ ደግሞ በየዕለቱ አዲስ ነው። የትናንቱን ዛሬ ማኅሌት ላይ ይዞ መቆም ነውር ነው። ማሽን የሚያውቀው የትናንቱን ብቻ ነው።

ነርሷ፦

ስለ ቅኔ ለመናገር አቅሙ የለኝም። ግን በእኔ በኩል ያለውን ላሳያችሁ። ከወገራ፣ ከጭልጋ፣ ከደንቢያ ታካሚ ይመጣል። እናት ልጇን አቅፋ ሕመሟን ታወራለች፤ እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ። ካርዱ ላይ የሚቀረው ከነገረችኝ ሩቡ ቢሆን ነው። አንድ ቀን ታካሚዬ ከወጣች በኋላ የነገረችኝን ራሴ ደግሜ ለስልኬ ተናገርኩት። «ጎኔን ሰቅዞ ይዞኛል» አልኩ። ስልኩ «ጎኔን ሰክሮ ይዞኛል» ብሎ ጻፈ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቴም ሰክሮ።

ይህ ሕክምና ላይ ቢሆንስ ብዬ ደነገጥኩ። ማሽኑ የባላገሩን አማርኛ ሰምቶ አያውቅም። ወንድምዓለም፣ አንተ ቅኔው እንዳይሰንፍ ትሰጋለህ፤ እውነት አለህ። እኔ ደግሞ ለዚያች እናት እሰጋለሁ። ከተቀዳ የመምህራን ድምፅ ብቻ ለምን? የገበያው፣ የእርሻው፣ የሴቶቹ ንግግርም ይቀዳ እንጂ። ታካሚ አልጋ ላይ ሆኖ የሚናገረው ብቻ አይነካ።

አስጎብኚው (ፋሲል ግቢ)፦

ልጆቼ፣ እኔ ቴክኖሎጂ አላውቅም። እንግዳ ይዤ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእንግዶች የምነግረውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በ1860 መቅደላ ላይ እንግሊዞች ከወሰዷቸው ብራናዎች ብዙዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። 350 ገደማ የሚሆኑ የመቅደላ ብራናዎች ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳዮች የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ገባ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ሠዓሊያቸው አስመስሎ ሠራ። አዲሱን እዚህ ለጠፉ፤ አሮጌውን ፓሪስ ወሰዱ። ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው ያለው።

ለቂም አይደለም የማነሣው። ሥዕሉም ብራናውም ያለበት ቤት ይታወቃል። መዝገብ ቁጥር አለው። የዛሬ መቶ ዓመትም ቢሆን «መልሱልን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድምፅ እዚያ ማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ «መልሱልን» ቢባል ይወጣል?

የማራኪው መምህር፦

አባቴ፣ እውነቱን ልናገር። አይወጣም።

ሞዴል ድምፅን እንደ ካሴት ለብቻው አያስቀምጥም። በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮችን በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከለ ነው የሚማረው። የአንድ ሰው ድምፅ በሁሉም ላይ ይረጫል። ጨው ወጥ ውስጥ እንደሚገባው ማለት ነው። የገባውን ለይቶ ማስወጣት ዛሬም ተመራማሪዎች ያልፈቱት ነገር ነው።

ሌላም ያልተናገርኩት አለ። በ2015 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ቫል-ኢ የሚባል ሥራ አሳይተው ነበር። የአንድን ሰው 3 ሰከንድ ድምፅ ሰምቶ ያ ሰው ያላለውን በድምፁ ያናግራል። እኛ ልንሰጥ ያሰብነው 200 ሰዓት ነው። የኔታ በሕይወታቸው ያላሉትን ትርጓሜ በራሳቸው ድምፅ መስማት ይመጣል ማለት ነው። ምዕመኑ በምን ይለየዋል?

ስለዚህ «ፈርም» ያልኩትን አንሥቻለሁ። «ይቀዳ» ማለቴን ግን አላነሣም።

ስልክ ጠጋኙ (አዘዞ)፦

እኔ ሌላ በር ላሳያችሁ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሱቄ በሰው ተሞላ። «ስልኬ ተበላሸ፣ ትርጉሙ አይሠራም፣ በንግግር አይጽፍም።» ስልኩ ደህና ነበር። ማሽኑ የሚያስበው ሌላ አገር ሆኖ ነው እንጂ። መስመሩ ሲቆረጥ እጃችን ላይ የቀረው መስታወት ብቻ ነበር። ያኔ ነው የክላውድ ነገር የገባኝ።

አሁን ግን አካሄዱ ተቀይሯል። ትንንሽ ሞዴሎች ስልክና ላፕቶፕ ላይ፣ ካለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ በ2022 እ.ኤ.አ. ዊስፐር የሚባል ንግግር ሰሚ በነጻ ለቋል። ትንሹ 39 ሚሊዮን ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ 100 ሜጋባይት አይሞላም። አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት። መስመሩን ነቀልኩና «ደህና አደራችሁ» አልኩት። እያዘገመ ጻፈው። ረጅም ሲሆን አማርኛው ይወላገዳል፤ ግን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሠራው።

እንግዲህ አስቡት። ማሽኑ እጃችን ገብቷል። የጎደለው ድምፅ ነው። ድምፁ ያለው ደግሞ እኛው ጋ ነው። ታዲያ ድምፁ ለምን ወደ እነሱ ይሄዳል? ሞዴሉ ነው ወደዚህ መምጣት ያለበት።

የማራኪው መምህር፦

ጥሩ ብለሃል። ያደረገው ሕዝብም አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ ቴ ሂኩ ሚዲያ የሚባል የማኦሪዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ሬዲዮ ጣቢያ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሕዝቡን ጠርተው በ10 ቀን ውስጥ ከ300 ሰዓት በላይ ንባብ ሰበሰቡ። የራሳቸውን ንግግር ሰሚ ሠሩ። ትልልቅ ድርጅቶች ድምፁን ሲፈልጉት አልሰጡም። ፈቃዱንም በራሳቸው ቃል ጻፉት፤ ባለቤት ሳይሆን አደራ ጠባቂ ነን ይላል። አደራ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሞዴሉን ማሠልጠን ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ይህን አልደብቅም። ግን ያለውን ሞዴል በራስ ድምፅ ማረም ከባዶ እንደመጀመር አይከብድም።

ጠበቃው፦

በአጭሩ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሰውዬውን የሚለይ ድምፅ የግል ዳታ ነው። የሚሰበሰበውም ተለይቶ ለታወቀ ዓላማ ነው። «ለማንኛውም ዓላማ» ማለት ዓላማውን አለመናገር ነው። ያንን ቃል ሰርዘው እንዲያመጡት ጠይቅ።

የበአታው ደቀ መዝሙር፦

አንብቤ ቆየሁ። አሳቤን በከፊል ለውጣችሁታል።

ምልክትን አስታወስኩ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የዜማ ምልክት ሲሠሩ ዜማው በቃል ብቻ ነበር የሚኖረው። ዛሬ ያለ ምልክት ድጓ መማር አይታሰብም። መጻፉ መምህሩን አላስቀረም፤ ምልክቱን አይቶ ብቻ ዜማውን የሚያወጣው የለምና።

ድምፅ ከጽሑፍ በላይ የሚያስፈልግበትም ምክንያት አለ፤ መምህር ያላነሡት። ፊደላችን ጥብቀትን፣ ፊደሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን፣ አያሳይም። «አለ» ተናገረም ነው፣ ኖረም ነው። «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰውም ነው። ግእዝ ላይ ደግሞ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ የሚባሉ የንባብ ዓይነቶች አሉ። ንባቡ ከተበላሸ ምሥጢሩ ይበላሻል። ይህ ሁሉ ብራናው ላይ የለም። የኔታ አፍ ላይ ነው ያለው። አስጎብኚው አባታችን የቆጠሩት ብራና ለንደን ቢሄድም ንባቡ እዚህ የቀረው ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር ከበደኝ። ይህን ሁሉ ስንነጋገር የኔታን የጠየቀ ሰው የለም። ነገ ጠዋት እጠይቃቸዋለሁ።

ባለስቱዲዮው (አራዳ)፦

እውነት ነው። መጀመር የነበረብኝ ከእሳቸው ነበር። ንገረን። እኔም ውሉን መልሼ ልኬላቸዋለሁ፤ ያንን ቃል ሰርዤ፣ ዋናው ቅጂ ጎንደር እንዲቀመጥ ጽፌ። መልስ አልመጣም።

የበአታው ደቀ መዝሙር፦

ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው ከታወረ ቆይቷል፤ ስልክ አልያዙም። ምን እንደሆነ ካስረዳኋቸው በኋላ ዝም አሉ። ከዚያ «ማነው ፊቴ የሚቀመጠው?» አሉኝ። ማንም የለም፣ ማይክሮፎን ነው አልኳቸው። «ተማሪ ሳይኖር ለማን ነው የምናገረው?» አሉ። ስቱዲዮ ገብተው ብቻቸውን አያነቡም። መቅጃው ግን ጉባኤው ላይ ቢቀመጥ አይጠሉም። ተማሪው ሲስትም፣ ሲታረምም፣ ሁሉም አብሮ ይሰማ ብለዋል። የወጣው ነገር ሌላ አገር እንዳይሄድ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። ገንዘቡን ደግሞ ለተማሪዎቹ ማደሪያ ጣራ አሉ።

የማራኪው መምህር፦

እሳቸው የተናገሩት ከእኔ ይበልጣል። ስሕተትና እርማት አብሮ የተቀዳ ድምፅ ለማሽን ከጥሩ ንባብ ብቻ የበለጠ ይጠቅማል። የከዘራዋም ድምፅ ይግባ።

ስልክ ጠጋኙ (አዘዞ)፦

4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለኝ። ሁለት ቅጂ እናድርግ፤ አንዱ እዚያው ጉባኤ ቤቱ ይቆለፍ።

ባለስቱዲዮው (አራዳ)፦

ድርጅቱ መልስ ባይሰጥም እኔ እቀዳለሁ፤ በነጻ። ሁለት ማይክሮፎን አመጣለሁ፤ አንዱ የኔታ አጠገብ፣ አንዱ ተማሪዎቹ መሀል። ደጅ ስለሆነ የነፋስ መከላከያ ያስፈልጋል። ወንድሜ፣ ጉባኤው ስንት ሰዓት ይጀምራል?

የበአታው ደቀ መዝሙር፦

ሌሊት 10 ሰዓት። ብርድ ነው፤ ጋቢ ይዘህ ና።