አልጋ አንጣፊ ነኝ፤ ወገቤ አላሠራ ብሎኛል

የማርታ እናት፦
ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ሳነጥፍ ስድስት ዓመቴ ነው። በቀን 14 ክፍል ይደርሰኛል። ሥራውን ለማያውቅ ሰው አንሶላ መዘርጋት ቀላል ይመስለዋል፤ የሚገድለው ግን ፍራሹ ነው። ጎንበስ ብዬ በግራ እጄ የፍራሹን ጥግ አነሣለሁ፣ በቀኜ አንሶላውን ከሥሩ እወትፋለሁ፤ ለአንድ አልጋ አራት ጊዜ። በጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ሞልቶ ሳለ አንዱን ጥግ እንዳነሣሁ ወገቤ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ ታፋዬ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። ስስል ይብሳል። ባጃጅ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲያንገጫግጨኝማ እንባዬ ይመጣል።

አንድ የግል ክሊኒክ አምስት ቀን መርፌ ወጋኝ፤ ለሦስት ቀን ተሻለኝና ተመልሶ መጣ። አሁን ኤምአርአይ (የወገብን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሺ ተብያለሁ፤ ዋጋው ከወር ደመወዜ ይበልጣል። እናቴ ወጌሻ ዘንድ እንሂድ ትላለች። አለቃዬ ደግሞ «ወገቤን የማትል ሴት የት አለች?» ብሎ ሳቀብኝ። ልታከም ብዬ ብቀር እንዳያባርሩኝ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
እኅቴ፣ ሳላይሽ በሽታሽ ይህ ነው ማለት አልችልም፤ አነጋገርሽ ግን የተንሸራተተ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ ነርቭ ሲጫን የሚታየውን ይመስላል። ሽንት እምቢ ይልሻል ወይም ያመልጥሻል? መቀመጫሽና የጭንሽ ውስጥ ደንዝዟል? እግርሽ እየሰነፈ ነጠላ ጫማ ይወልቅብሻል? አንዱ ካለ ሌሊትም ቢሆን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለም ለሐኪሙ ንገሪ፤ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ።

ይህ ሁሉ ከሌለ ኤምአርአዩ ይቆይ። የዚህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል። ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉልሻል። ተኝተሽ አትሰንብቺ፣ ቀስ እያልሽ ተራመጂ። መርፌውንም በላይ በላዩ አትወጊ፤ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከሆነ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

የዘጌ ልጅ፦
ወጌሻ የወለቀ ትከሻዬን መልሶልኛል፣ አላማም። ወንድሜን ግን ወገቡ ላይ ቆመው ረገጡት። በእግሩ ሄዶ በቃሬዛ ተመለሰ። እናትሽን በእግዚአብሔር ብለሽ ለምኛት።

የሠራተኛ ጉዳይ፦
ሃያ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ፤ የአለቃሽ ሳቅ ሕግ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ብቻ ከሥራ በቀረሽ ማግስት አሳውቂ፤ የሐኪም ማስረጃውን ስትሰጪም ቅጂው ላይ አስፈርሚ። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ «አልሰማሁም» ይባላል።

የማርታ እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽንቴ ደህና ነው። ነጠላ ጫማው ግን... ከትናንት ወዲያ ደረጃ ላይ የግራው ሁለት ጊዜ ወለቀብኝ። ጫማው አርጅቶ ነው ብዬ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
ግድግዳ ይዘሽ በተረከዝሽ ብቻ ቁሚ። የግራ እግርሽ ጣቶች ከመሬት ይነሣሉ?

የማርታ እናት፦
የቀኙ ይነሣል። የግራው እምቢ አለ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
እንግዲያው ኤምአርአዩ ይቆይ ያልኩትን ተዪው። ነገ አትበዪ፣ አሁኑኑ ሂጂ። «እግሬ እየሰነፈ ነው» ብለሽ ጀምሪ፤ «ወገቤን አመመኝ» ብቻ ካልሽ ወረፋ ላይ ታመሻለሽ።

የማርታ እናት፦
ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ቀስ ብለህ ንዳ ብዬዋለሁ።