ዴኖን ወይስ ያማሃ? ሻጩ እየጠበቀኝ ነው

ሳቢያን፦ ጀመዓ ፍጠኑልኝ! ሪሲቨሬ (የሳተላይቱ ሳይሆን ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ማጉያ) ዛሬ ጠዋት ሞተ። ይበራል፣ ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ድርግም። አሸዋ ገበያ ሁለት ያገለገሉ አግኝቻለሁ፤ ዴኖን ኤክስ1600ኤች እና ያማሃ ቪ485። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚይዝልኝ። የቱን ልውሰድ?

ፉርጎ፦ አቦ ከበርጫ በፊት ጨርስ፣ ምርቃና ከመጣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ዴኖኑን ያዝ።

ለገሃሬ፦ ወንድሜ፣ "ዴኖኑን ያዝ" ብቻውን መልስ አይሆንም። ሁለቱም 80 ዋት ይባላሉ፤ የዴኖኑ ግን በ8 ኦም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን) የተለካ ነው፣ የያማሃው በ6። ኦሙ ሲያንስ ዋቱ ስለሚጨምር የያማሃው በ8 ኦም ቢለካ ከ80 ይወርዳል። ደግሞም ሁለቱም የተለኩት ሁለት ቻናል (የስፒከር መስመር) ብቻ እየሠራ ነው፤ አምስቱም ሲጮኹ ያን ያህል አትጠብቅ። ዴኖኑ 7 ቻናል ነው፣ ዶልቢ አትሞስ (ድምፅ ከላይም እንዲመጣ የሚያደርግ) አለው፣ የኤችዲኤምአይ መግቢያው 6 ነው። ያማሃው 5 ቻናል፣ 4 መግቢያ፣ አትሞስ የለውም። ወደ ላይ የምትሰቅለው ስፒከር ከሌለህ ለአትሞስ ብለህ ብር አትጨምር። ስንት ስፒከር ነው ያለህ?

ደቻቱ፦ እኔ መግዛቱ ላይ ራሱ አልስማማም። በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ ራሱን እየተከላከለ ነው እንጂ አልሞተም። ከሶኬት ንቀለው፣ የስፒከር ሽቦዎቹን በሙሉ ከጀርባው ፍታ፣ ከዚያ ባዶውን አብራው። ከቆየልህ ጥፋቱ ከሽቦ ወይም ከስፒከር ነው። ጫፎቹን እያቸው፤ ከተላጠው መዳብ አንዲት ክር አፈንግጣ ቀዩን ከጥቁሩ ጋር ካገናኘች ይህንኑ ታመጣለች። ጠምዝዘህ መልሰህ እሰር። ባዶውንም ከጠፋ የማጉያው ትራንዚስተር ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ጠጋኝ ይየው።

ሳቢያን፦ ስፒከር 5 ነው፣ አንድ ሳብዉፈር (የቤዝ ስፒከር)። አሁን ሻጩ ጋ ቆሜያለሁ፣ ቶሎ በሉ።

ጁገል፦ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። ሁለቱንም አዙርና የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ የተጻፈውን ቮልት አንብብልን።

ሳቢያን፦ ዴኖኑ 120 ቮልት 60 ሄርዝ። ያማሃው 230 ቮልት 50 ሄርዝ።

ጁገል፦ ዴኖኑ ለአሜሪካ የተሠራ ነው። የኛ 220 ቮልት 50 ሄርዝ ላይ በቀጥታ ከሰካኸው ፊውዙ ይበጠሳል፣ ካልታደልክ ትራንስፎርመሩም ይከተላል። በማውረጃ ትራንስፎርመር ይሠራል፣ ከ1000 ዋት የማያንስ ግዛለት። ግን ማውረጃው ቮልቱን እንጂ ሄርዙን (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) አይቀይርም፤ ለ60 የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል። እዚያ ላይ የድሬን ሙቀት ጨምርበት! ለ5 ስፒከር ያማሃውን ውሰድ። ሻጩ ፊት ሩብ ሰዓት ያህል አስጩኸው፣ አራቱንም መግቢያ በየተራ ሞክር። ድምፁን ለክፍልህ የሚያስተካክልበትን የመለኪያ ማይክሮፎን አብሮ ካልሰጠህ ዋጋ ይቀንስ፤ የዴኖኑ ማይክ ለያማሃ አይሆንም።

ፉርጎ፦ ቤት ያለውን ሪሲቨር የስፒከር ሽቦ ፍታና መጀመሪያ እሱን ሞክር።

ደቻቱ፦ እኔ ያልኩትን እኮ ነው የደገምከው። ቴስተር ካለህ ደግሞ እያንዳንዱን ስፒከር ሽቦው ከሪሲቨሩ ተፈቶ ለካው፤ የ8 ኦም ስፒከር 6 ገደማ ማሳየት አለበት። ወደ ዜሮ የተጠጋው ነው ሌባው። ይህን ሳታጣራ ያማሃውን ከነዚያው ሽቦዎች ጋር ብታገናኘው እሱም ያው ሦስት ሰከንድ ነው።

ለገሃሬ፦ እውነቱን ነው።

ደቻቱ፦ ሳቢያን፣ ሽቦውን ፈታኸው?