በቅርብ ካረፉት ስፖርተኞችና ዘፋኞች የማን ሞት ነው እስካሁን ያልወጣላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ እኔ ኬልቪን ኪፕተምን መርሳት አቅቶኛል። በህይወቱ የሮጠው ሶስት ማራቶን ብቻ ነው ሶስቱንም አሸነፈ፣ ቺካጎ ላይ 2023 በ2፡00፡35 የአለም ሪከርድ ሰበረና አራት ወር ቆይቶ ከአሰልጣኙ ጋር በመኪና አደጋ ሞተ፣ ገና 24 አመቱ እኮ ነው! ከሁለት ሰአት በታች ለመግባት 36 ሰከንድ ብቻ ነበር የቀረው፣ ይሄን ሳስብ ያመኛል። የናንተስ?

መልስ 1፦ ነፍሱን ይማር። የኔ የሊቨርፑሉ ኳስ ተጫዋች ዲዮጎ ጆታ ነው ወንድሜ፣ ከሰርጉ 11 ቀን በኋላ ከነወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተ፣ ሶስት ልጆች ትቶ... ሊቨርፑል 20 ቁጥርን ለሱ ብሎ ማንም እንዳይለብሰው ማድረጉ ግን ትክክል ነው፣ ደግ አደረጉ።

መልስ 2፦ እኔ ቦክሰኛው ጆርጅ ፎርማን። ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ ከተሸነፈ ከ20 አመት በኋላ በ45 አመቱ ተመልሶ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፣ እንደዚህ አይነት ልብ የት ይገኛል?

መልስ 3፦ የሮክ ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ በሽታ ይዞት መቆም ስላልቻለ ወንበር ላይ ተቀምጦ በተወለደባት በርሚንግሃም ዘፍኖ ህዝቡን ተሰናበተ፣ በ17ኛው ቀን አረፈ። ቪዲዮውን ባየሁት ቁጥር እንባዬ ይመጣል።