በቦክሰር 150 ሁለት ሰው ሆኖ ከአርባ ምንጭ ጨንቻ፦ ምን ላዘጋጅ?

የሲቀላው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር በዶርዜ አድርገን ጨንቻ ደርሰን ልንመለስ ነው። ሐይቁንና ደጋውን ለማየት ስለሆነ አንቸኩልም። ሞተሩ ባለ ካርቡራተር ቦክሰር 150 ነው፤ ፍሬኑ በሁለቱም ጎማ ታምቡር። ሁለታችን 130 ኪሎ እንሆናለን። ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል የሚሉ አሉ። የካርቡራተሩን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ልቀይር? በስንት ሰዓትስ እንነሳ?

ካቻቪቴ፦
ጄቱን አትንካ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጨንቻ 2,700 ገደማ። 37 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,400 ሜትር ትወጣለህ። አየሩ ስለሚሳሳ ላይ ስትደርስ ታች ከነበረው ጉልበት 15 በመቶ ያህሉ ይጎድላል፤ ይሄ ብልሽት አይደለም። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ ቢሳሳም ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ይወፍራል (ቤንዚን ይበዛበታል)፣ ጭሱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ትንሽ ጄት አስገብተህ ስትመለስ ግን ታች ላይ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል።

ይልቅ የአየር ፊልትሮውን አጽዳ። አቧራ የያዘ ፊልትሮ የሳሳውን አየር ጭራሽ ያፍነዋል። አዲስ ካንዴላ ግጠምና አሮጌውን ከመፍቻው ጋር ያዝ። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትሰጠው) ከተንተፋተፈ የድብልቋን ብሎን ሩብ ዙር ማንቀሳቀስ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ብሎኗ በፊልትሮው በኩል ካለች የአየር ናት፣ ስትፈታት ድብልቁ ይቀጥናል። በሞተሩ በኩል ካለች የቤንዚን ናት፣ የሚቀጥነው ስታጠብቃት ነው። ዳገት ላይ ጋዝ ከፍተህ ስትወጣ ግን ብዙም አትረዳህም።

የቁልቁለት ሰው፦
ሁሉም ስለ ዳገቱ ይጨነቃል፤ ሰው የሚጎዳው መመለሻው ላይ ነው። ታምቡር ፍሬን ተረግጦ ከቆየ ሸራው ይግላል፣ መያዙን ይተዋል። ታምቡሩም ሲሞቅ ስለሚሰፋ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። ይህን ካየህ ጥግ ይዘህ ቁም፣ ሩብ ሰዓት አቀዝቅዘው፣ ውሃ ግን አታፍስበት። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ኩርባው ላይ ሁለተኛ፣ ሲቀና ሦስተኛ። ቤንዚን ለመቆጠብ ዜሮ ላይ አድርጎ መልቀቅ ሸክሙን በሙሉ ፍሬኑ ላይ መጣል ነው። ፍሬን ስትይዝ ሁለቱንም ያዝና ልቀቅ፣ እያንጠለጠልክ አትውረድ።

ከመሄድህ በፊት የኋላውን ጎማ አንስተህ በእጅህ አሽከርክር። ከከበደ ፍሬኑ ጠብቋል፣ ሳትረግጠውም ይግላል።

ካቴና፦
የቦክሰር ሰንሰለት በሽፋን ስለተዘጋ ይረሳል። ከሽፋኑ ሥር ያለችውን የጎማ ክዳን አውጣና በጣትህ ግፋው። ከታች በኩል መሃሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይንቀሳቀስ። ባለቤትህ ስትቀመጥ ይበልጥ ስለሚወጠር ከዚያ በላይ አታጥብቅ። የጎማ ንፋስ ለሁለት ሰው የኋላው 32 ፒኤስአይ፣ የፊቱ 25። መንገዱ ኮረኮንች ነው ብለህ አታስተንፍስ፤ ካላማዳሪያው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል።

ቤንዚን ደርሶ መልስ ሦስት ሊትር አይፈጅም፣ አምስት ይኑርህ። በሃይላንድ ፕላስቲክ ይዞ መሄድ ግን ይቅር።

ደጋ ወጪ፦
ስለ ሰዓቱ። ከዳገቱ ሐይቁ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋት ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታሃል፣ አባያ በጭጋግና በነጸብራቅ ይደበቃል። ከ8 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ከጀርባህ ሲሆን ቡናማ መልኩ ጥርት ብሎ ይታያል (ደለል ነው እንዲያ ያደረገው፣ ጫሞ ይበልጥ ሰማያዊ ነው)። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ተነሱ፣ ጨንቻ ድረሱ፣ ዶርዜ ላይ ቆጮ በዳጣ ብሉ፣ ፎቶውን ስትመለሱ አንሱ። ታኅሣሥና ጥር ለዚህ ይመቻሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሆነ ግን ከሰዓት ዝናብ ስለሚመጣ ፎቶው ቀርቶባችሁ በጊዜ ውረዱ። ላይ ከታች 9 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ጃኬትና ጓንት ለሁለታችሁም ያስፈልጋል።

ስትቆሙ ኩርባ ላይ አይሁን። ሞተሩን አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙረህ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ከጎን እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግ። የመንገድ ዳር አፈር ለስላሳ ነው፣ እግሩ ሲሰምጥ ሞተሩ ይወድቃል።

የሲቀላው (ጠያቂ)፦
ተባረኩ። ዳገቱ መሃል ቢያንቀውስ?

ካቻቪቴ፦
ሦስተኛ ላይ ሆነህ ጋዙን እስከ መጨረሻ አትክፈት፣ ያኔ ነው የሚታነቀው። ሁለተኛ አድርግና ጋዙን ወደ ግማሽ መልስ። ካልተሻለው መጀመሪያ ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ድብልቁን የሚያወፍረውን) እይ፤ ጠዋት ተከፍቶ የተረሳ ቾክ ልክ እንደዚሁ ያደርጋል።